ቮላኖ ተሸክሜ ሜጋ ገባሁ

ቃሊቲ መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ጆንያዬን እንደ ማንኛውም የመንገደኛ ዕቃ በአንድ እጁ ብድግ ሊያደርገው ሞከረና ወገቡን ይዞ ቆመ።

«እህቴ፣ ወፍጮ ነው እንዴ የያዝሽው?»

«ቮላኖ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «የምን መኪና?»

«የፕራዶ።»

«ታዲያ ጣሪያ ላይ ይጫን።»

«አይሆንም፤ ፊቱ ይጫራል። እግሬ ሥር ይቀመጥ።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ሜጋ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ስሜ «ባለ ቮላኖዋ» ሆኖ ቀረ። ሻይ ለመጠጣት በወረድንበት ሁሉ አንዱ ተነስቶ «እኔ እጠብቅልሻለሁ» ይለኛል። ማን ይሰርቀዋል? ለመሸሽ የሚመች ዕቃ አይደለም፤ ሚዛን ላይ 17 ኪሎ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቮላኖ ምን እንደሆነ እኔም ያወቅሁት ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። መኪና እነዳለሁ እንጂ ከኮፋኖ በታች ያለው ነገር ለእኔ የሌላ ሰው ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን ከሜጋ ደውሎ «መኪናዋ ቆመች» ሲለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። አውቶማቲክ ግዛ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝና።

ወንድም ጋሼ ሜጋ የሄደው በመምህርነት ተመድቦ ነው። ፊዚክስ ነበር የሚያስተምረው። እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ ቀረ። ከሞተር ሳይክል ወድቆ ግራ ጉልበቱ ከተሰበረ በኋላ ረጅም ሰዓት መቆም ስላቃተው ማስተማሩን ተወና መኪና ልግዛ አለ። ኤል ሶድ የጨው ሐይቅ የሚሄዱ እንግዶች፣ የመስክ ሥራ ያለባቸው ባለሙያዎች፣ ወፍ ሊያዩ ከውጭ የሚመጡ ፈረንጆች መኪና ይከራያሉ። እህትና ወንድም ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለች ናፍታ ፕራዶ ገዛን። ሰው ሁሉ «ማኑዋል ይሁን» ሲል እኔ ብቻ «ጉልበቱስ? በግራ እግሩ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ነው?» ብዬ ተከራከርኩ። አሸነፍኩም። አራት ዓመት በሰላም ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ከኤል ሶድ መልስ አቀበት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። ዘይቱ ሲታይ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትቶ የሚያድስ ባለሙያ ፍለጋ መኪናዋን አስጎትቶ አዲስ አበባ ማምጣት የማይታሰብ ወጪ ነበር። ሌላ ያገለገለ አውቶማቲክ ካምቢዮ መግዛት ደግሞ ሳይቀምሱ ሐብሐብ እንደመግዛት ነው፤ ውስጡን ማን አይቶት? ሸጦ ሌላ መኪና ይግዛ እንዳንል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለችውን ማዳን ነው። የሜጋው መካኒክ «አውቶማቲኩን አውጥተን ማኑዋል እንግጠምላት» አለ፤ ካምቢዮው ከሞያሌ በኩል ተገኘለት። ቮላኖና ፍሪሲዮኑን ከአዲስ አበባ ማምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ። መኪና እንደ በሬ ተበልቶ እያንዳንዱ ብልት በየደጃፉ የሚሰቀልበት ሰፈር ነው። የምፈልገውን ስናገር ሻጩ እንደ ምጣድ የከበደ ክብ ብረት አንከባሎ አመጣልኝ። ዙሪያውን ጥርስ አለው። «ጥርሱን ሞተሪኖው ይነክሰውና ሞተሩን ያስነሳል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይለጠፋል» አለኝ። ፊቱ እዚህም እዚያም እንደ ጠቃጠቆ ሰማያዊ ነጥብ ነበረበት፤ ሙቀት ያቃጠለው ነው። ቶርኖ ቤት ወስደን አስላግነው፣ ስንጥቅ እንደሌለው አይተን፣ የራሱን ብሎኖች ጨምሬ ገዛሁ። ብሎኖቹን አጥብቆ ያዘዘኝ መካኒኩ ነው። የአውቶማቲኩ ብሎኖች ለስስ ብረት የተሠሩ ናቸውና ለቮላኖ ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ።

አውቶማቲክ መኪና ታዲያ ቮላኖ የለውም? የለውም ማለት ይቻላል። በቦታው እንደ ሰሃን የሳሳ ብረት ነው ያለው። ክብደቱን የሚሰጠው ከኋላው የሚታሰረው፣ በዘይት የተሞላው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። እሱ ሲወጣ ሞተሩ ክብደት ያጣል። ክብደት ደግሞ የግድ ነው። ባለ አራት ፒስተን ሞተር የሚገፋው እየቆራረጠ ነው፤ በየግማሽ ዙሩ አንድ ግፊት። በሁለቱ ግፊት መካከል መዞሩን የሚያስቀጥል ነገር ከሌለ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አንዴ ሽው ታደርገውና እጇን ታነሳለች። እንጨቷ ብቻዋን ብትሆን ወዲያው ትቆም ነበር። የተሰካባት ክብ ነገር ግን በክብደቷ እያዞረቻት ፈትሉ ይከራል። አያቴ መኪና ሳትነዳ ሞተች፤ ቮላኖ ግን በእጇ ነበር።

አዲስ አበባን ለቅቀን ዲላ አደርን። በማግሥቱ በቡናና በእንሰቱ መሀል አልፈን፣ ድሮ ሀገረ ማርያም የምንላትን ቡሌ ሆራን ከተሻገርን በኋላ አገሩ ቀስ በቀስ ልብሱን ያወልቃል። አረንጓዴው ይሳሳል፣ አፈሩ ይቀላል፣ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብለው የቆሙ ኩይሳዎች ከግራር መሀል ብቅ ይላሉ። ያቤሎን እንዳለፍን ጎኔ የተቀመጡት አዛውንት በመስኮት አንድ ግራጫ ወፍ አሳዩኝ፤ የቁራ ዘመድ ነው፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አለው። ፈረንጆቹ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ለእሱ ነው። በዓለም ላይ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ አካባቢ በቀር የትም አይገኝም። ተመራማሪዎች ነገሩን ከዚህ አካባቢ ቀዝቀዝ ያለ አየር ጋር ያያይዙታል። የወንድሜ መኪና የምትበላው በዚህ ወፍ እንጀራ ነው ብዬ ሳስብ ወፉን በደንብ አየሁት።

ሜጋ ከሞያሌ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ነው የምትገኘው። ቦረና ሲባል ሙቀት ብቻ የሚመስለው ሰው ጋቢ ይያዝ። ከተማዋ ኮረብታዎች ተጠግታ፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠዋትና ማታ ነፋሷ አጥንት ድረስ ይገባል። የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ጣሊያንም ምሽግ ሠርቶባታል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኬንያ በኩል መጥተው በዝናብና በብርድ ተዋግተው ከጣሊያን አስለቀቋት። ጋራዡ ውስጥ የሰማሁት ቋንቋ ግን ጣሊያን ሙሉ በሙሉ እንዳልወጣ ነገረኝ፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራዮሊዮ፣ ቮላኖ። ኦሮምኛውም አማርኛውም በእነዚህ ቃላት ላይ ሲደርስ አንድ ይሆናል።

መካኒኩ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሙያውን ሻሸመኔ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ የቦረና ልጅ። ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሮታል። ስለዚህ ጋራዡ የእሱ ቢሆንም ወንድሜ ሲገባ ከተቀመጠበት ይነሳል።

«ጋሼ፣ ኢነርሽያ ያስተማሩኝን ዛሬ አሳይዎታለሁ» አለው፣ ጆንያዬን እየፈታ።

«ፈተናው ላይ ስንት ነበር ያመጣኸው?» አለ ወንድሜ።

«እሱን ይተውት።»

አውቶማቲኩ ወጥቶ ጥግ ላይ ተጋድሟል። ስሱ ሰሃን ከሞተሩ ኋላ ሲፈታ የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ታየ። መካኒኩ መጀመሪያ የነካው ቮላኖውን አይደለም። ጫፉን የሚከበውን ፓራዮሊዮ አውጥቶ በአዲስ ቀየረ። «ዛሬ ያላፈሰሰ ነገ ካፈሰሰ ይህን ሁሉ እንደገና ልፈታ ነው? ደግሞ ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ይረጫል፤ ያኔ ይንሸራተታል» አለ። እኔ የቮላኖውን ፊት በእጄ ስዳስስ «እትዬ፣ እጅዎ!» ብሎ ጮኸ። ቁርስ የበላሁት ቂጣ በቅቤ ነበር። በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ደጋግሞ ጠረገው። ከዚያ በኋላ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነው የቆምኩት።

ቮላኖውን ከማንሳቱ በፊት ግን ትንሿን ጣቱን ክራንክ ሻፍቱ መሀል ያለው ቀዳዳ ውስጥ ከቶ አወጣና ዝም አለ።

«ኩሽኔታዋስ?» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«እዚህ የምትገባዋ።»

አላመጣሁም። የፍሪሲዮኑን ትልቁን ኩሽኔታ ገዝቻለሁ። ይቺን ግን ማንም አልነገረኝ፤ ወይም ተነግሮኝ ረስቼዋለሁ። መጠኗ የጣት ቀለበት እንጂ ብዙም አይደለችም። ሥራዋ የማኑዋል ካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ መደገፍ ነው። አውቶማቲክ ይህ ዘንግ ስለሌለው ቀዳዳው ባዶውን ነበር። በዚህ ላይ ወንድሜ ከሁለት ቀን በኋላ ኤል ሶድ የሚወስዳቸው እንግዶች ነበሩት። ቀብድ ተቀብሏል፤ ቀብዱም ለካምቢዮው ወጥቷል።

ጋራዡ ውስጥ ሰው ቆሞ ሥራ ማየት የሚወድ አይጠፋም። አንዱ «ያለሷም ይሄዳል፣ እኔ አይቻለሁ» አለ። መካኒኩ አልመለሰለትም። ወደ ወንድሜ ዞሮ «ይሄዳል ጋሼ። ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ይጮሃል፣ ካምቢዮውን ይበላዋል። እኔ አልገጥምም» አለ። ወንድሜ አንዴ እኔን፣ አንዴ ባዶውን ቀዳዳ አየ። እንግዶቹን ለሌላ ባለ መኪና ሊያስተላልፍ ስልኩን አወጣ። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

መካኒኩ ግን የቀዳዳውን ስፋት በካሊፐር ለካ፣ የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ ለካ፣ ቁጥሮቹን መዳፉ ላይ ጽፎ ወጣ። የኩሽኔታ ደጉ ነገሩ ልኩ በቁጥር የተመደበ መሆኑ ነው፤ ውስጡ፣ ውጭው፣ ውፍረቱ አንድ ከሆነ የማን መኪና እንደሆነ አይጠይቅም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከባጃጅና ከሞተር ሳይክል ዕቃ መሸጫ ሱቅ ልኳን ይዞ ተመለሰ። የሞተር ሳይክል ጎማ ኩሽኔታ ናት። ወንድሜ አየት አድርጎ «ሞተር ሳይክል ጉልበቴን ወሰደ፣ ኩሽኔታ መለሰልኝ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። በውጭኛው ቀለበቷ ብቻ እየመታ ቀስ ብሎ አስገባት፤ መሀሏን ቢመታ ጥይቶቿ ይጎዳሉ።

ከዚያ ቮላኖው ወጣ፤ ሁለት ሰው ሆነው አንስተው አስቀመጡት። ብሎኖቹ ጥርሳቸው ላይ ማጣበቂያ ተቀቡ። በብዙ ሞተሮች የብሎኑ ቀዳዳ እስከ ሞተሩ ዘይት ድረስ የተበሳ ስለሆነ ካልተቀባ በብሎኑ በኩል ዘይት ይወጣል። አንዱን እንዳጠበቀ ጎረቤቱን አልነካም፤ ትይዩውን ነው። በዚህ ዓይነት እየተሻገረ ሦስት ጊዜ ዞረው፤ የመጨረሻውን ዙር ከያቤሎ በውሰት በመጣ፣ የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ። ያቺ ቁልፍ «ቀጭ» ባለች ቁጥር ወንድሜ ሳያውቀው ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር።

እረፍት ላይ ሻይ ስንጠጣ መካኒኩን «ለምን ይህን ያህል መክበድ አስፈለገው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ የሶማሌ ተራውን መልስ ከእሱም መስማት ፈልጌ ነው።

«ዱብሉቅ ጉድጓድ ወርደው ያውቃሉ እትዬ?»

ወርጃለሁ። ቱላ ከሚባሉት ከጥንቶቹ የቦረና ጉድጓዶች አንዱ ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች፤ እየዘፈኑ። ላይ ከብቱ በተራው ገንዳው ላይ ይጠጣል። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚያዘው አባ ሄሬጋ ነው።

«ዘፈኑን ካቆሙት ምን ይሆናል?»

«ይደክማቸዋል?»

«ውኃው ይፈሳል። አንዱ ቀድሞ ይሰጣል፣ ሌላው አልደረሰም። ጉልበቱ የልጆቹ ነው፤ ዘፈኑ ግን በሁለት ባልዲ መሀል ያለውን ይይዘዋል። ቮላኖ እንደሱ ነው።»

ወንድሜ ሻዩን አስቀምጦ «ይህን ፈተናው ላይ ጽፈህ ቢሆን መቶ እሰጥህ ነበር» አለው።

ከሰዓት በኋላው ፈጠን አለ። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በአንድ ጎኑ በእንግሊዝኛ «ፍላይዊል ሳይድ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ አንብቤ የረዳሁት እሱን ብቻ ነው። ከአሮጌ ካምቢዮ በተቆረጠ ዘንግ መሀሉን አስተካክለው አሰሩት። ካምቢዮው ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው ገባ። ፔዳሉና ፖምፓው ተገጠሙ። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ አይነሳም፤ ያ ካምቢዮ ሲወጣ የሞተሪኖው ሽቦ ይቋረጣል። ብዙዎች ሽቦውን አገናኝተው ይተዉታል አሉ። መካኒኩ ግን ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እንዳይነሳ አድርጎ በፔዳሉ በኩል አዞረው። «ልጆች ያሉበት ቤት ነው፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ቢያስነሷት ግድግዳ ይዛ ትገባለች» አለ።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ የድሮው አልነበረም፤ ወፍራምና ረጋ ያለ ሆኗል። ወንድሜ ገብቶ ተቀመጠ። ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ሁላችንም መኪናዋን ትተን ጉልበቱን ነበር የምናየው። ሚስቱ ከደጃፉ ወዲህ አልገባችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

ረገጠው። ማርሽ አስገባ። ሄደ።

እስከ ዱብሉቅ አቅጣጫ ወጣ ብሎ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር። ከመኪናዋ ሲወርድ በሩን ይዞ ትንሽ ቆየ። «ትሄዳለች። ከአውቶማቲኩ ትሻላለች እንዲያውም» አለ። ማታ ቤት ሱሪውን ሲሰበስብ ጉልበቱ አብጦ አየነው። ሚስቱ ውኃ አሙቃ መጣች፤ አንዳችንም ምንም አላልንም። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መክሬው፣ ሁለት ጊዜ እግሩ ላይ የመጣሁበት መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ቡና ላይ ትልቋ ልጁ «አባባ፣ እንግዶቹን እኔ ልውሰዳቸው?» አለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሐዋሳ ስትማር መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። የተማረችውም የተፈተነችውም በማኑዋል ነው። አባቷ አውቶማቲኳን አንድ ቀን አስነክቷት አያውቅም።

«አቀበቱን አታውቂውም» አለ።

«አንተ ጎኔ ቁጭ በል፤ ትነግረኛለህ።»

እናቷ የቡናውን ሲኒ ለወንድሜ እየሰጠች በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜ ሳቀና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

ግቢው በር ላይ ቆመን አየናት። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችውና መኪናዋ ዘልላ ጠፋች። ሁለተኛም ጠፋች። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ወጥተው ይስቃሉ። ወንድሜ ከጎኗ ሆኖ መዳፉን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ እያነሳ አሳያት፤ እግርሽን እንዲህ፣ ቀስ። ሦስተኛው ላይ መኪናዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ቀይ አቧራ አስነስታ ወጣች፤ ወደ አስፋልቱ ታጠፈች።